ወለላ የምትባል ሴት

ባለፈው ወር ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አውጥተው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ የሚሸት፣ ዓይን የሚያቃጥል ቅባት ነው። ከኋላ ያሉት «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ሲሉ እኔ ጭራሽ ወደ ሴትዮዋ ተጠጋሁ። አፍንጫዬ ቀድሞኝ ደብረ ብርሃን ገብቷል። አክስቴ የባሏን ጃኬት በሁለት እጇ ወጥራ ይዛ፣ አንገትጌውን ደጋግማ ታሸታለች።

«ሽቶ ቢሆን ይገባኛል» ትላለች። «ይሄ ግን የበሽተኛ ሽታ ነው። ምን ዓይነት ሴት ብትሆን ነው?»

ያን ክረምት ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። አባቴ ሰባተኛን ከተማ እንድጀምር ብሎ ከሰላ ድንጋይ ታላቅ እህቱ ዘንድ ላከኝ። ስሟ ዘነበች ነው፤ እኔ ግን እታለም ነበር የምላት። ልጅ አልወለደችም። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና ነበራት፤ ክረምት ደግሞ የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ቤቱ ወለሉ ሳይቀር በሰማያዊ ጨርቅ ይሞላል። የእኔ ሥራ ቁልፍ መትከልና ትርፍ ክር መልቀም ነበር። ውጭው ሁልጊዜ ጉም ነው። ጣቶቼ ከብርዱ የተነሳ መርፌው ቢወጋቸውም አይሰማቸውም ነበር።

እታለም ሰው አታምንም። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ጎረቤታችን ጨው የምትበደረው ወጣችንን ለማየት ነው፤ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ቤቱን አጥንቶ ሊሄድ ነው የሚመጣው። «ሰው ይዋሻል፤ ጨርቅ ግን አይዋሽም» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ የሰው ሱሪ አገላብጣ አይታ ባለቤቱ በየትኛው ጎኑ ተደግፎ እንደሚቀመጥ ትናገራለች።

ባሏ ጋሼ ሽመልስ የሰው አይሱዙ ይነዳል። ከደብረ ብርሃን ዱቄትና ሲሚንቶ ጭኖ አንኮበር ይሄዳል፣ ከዚያ አጣና ጭኖ ይመለሳል። ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ፣ ቃላቱን እንደ ናፍጣ የሚቆጥብ ሰው ነበር። «ደህና ዋልክ?» ሲሉት «ደህና» ይላል፤ አለቀ።

ጥርጣሬው የጀመረው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ጋሼ አመሻሽ ላይ መኪናውን አጥራችን ጥግ ያቆምና ቶሎ አይወርድም። መስኮቱን ዘግቶ፣ መስታወቱ በትንፋሹ እስኪደበዝዝ እዚያው ይቀመጣል። አንድ ቀን ካፊያ እየጣለ እታለም «እራት ቀርቧል በይው» ብላ ላከችኝና፣ እኔንም ስላላመነችኝ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችኝ። መኪናው ጎን ስንደርስ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማን። ጎርነን ያለ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነው።

«በሩ ክፍት ነው፤ ግባ። ማንም አላየህም።»

እታለም ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ከዚያ ጋሼ ሳቀ። ያ ዝምተኛ ሰው ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ።

መስኮቱን አላንኳኳችም። ይዛኝ ተመለሰች፤ እራት አቀረበች፤ ሽሮውን እንደ ወትሮዋ አወጣች።

«ከማን ጋር ስታወራ ነበር?»

«ከማንም።»

«ከማንም!» አለች ወደ እኔ ዞራ፣ ልክ እኔ ያልኩት ይመስል።

በማግስቱ ለጋሼ «መቅደስ አንኮበርን ትይ፤ የነገሥታት አገር ነው፤ ቅዳሜ ውሰዳት» አለችው። እኔን ደግሞ ማድ ቤት ጠርታ «ዓይንሽንም ጆሮሽንም ክፈቺ። የት ቆመ፣ ማን ወጣ፣ ማን አናገረው። እኔ ነኝ የምልክሽ፤ ለእሱ እንዳታወሪ» አለችኝ። እንዲህ ነው ሰላይ የሆንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ አይታይም ነበር። በጎች ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ እያሉ ጡሩንባ ሲነፋባቸው ተመልሰው ይጠፋሉ። ከከተማ እንደወጣን ጋሼ ቴፑ ላይ ፍላሽ ሰካ። እንደ ነፋስ የሚያፏጭ ሙዚቃ መጣ፤ ቀጥሎ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ሩቅ ወደብ» አለ። ከመቀመጫዬ ዘለልኩ።

ሩቅ ወደብን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። እኔ ሳልወለድ የጀመረ፣ እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን የሚታይ ተከታታይ ፊልም ነው። በከዋክብት መሃል የተንጠለጠለ ትልቅ ወደብ አለ፤ ከየዓለሙ የሚመጡ መርከቦች ያርፉበታል፤ ካፒቴን ናሆም የሚባል ጀግና ደግሞ በየሳምንቱ ከጥፋት ያድነዋል። ሰላ ድንጋይ ሳለን ጎረቤት ቤት የእህል ጆንያ ላይ ተደራርበን ነበር የምናየው። ይሄ ግን ምስል የለውም። ናሆምም የለበትም።

«ጋሼ፣ ናሆም የታለ?»

«እዚህ ናሆም የለም። ይሄ የወለላ ነው።»

«ወለላ ማናት?»

«መርከብ ሲመጣ በድምፅ ማጉያ የምትጠራዋ።»

አስታወስኳት። ፊልሙ ላይ ፊቷ አይታይም፤ «ቁጥር ዘጠኝ፣ መስመርህ ነፃ ነው» ብላ ድምፅዋ ይጠፋል። ሰው ትሁን ማሽን አስቤው አላውቅም። እዚህ ግን ኪራይ ቤት አላት፣ የምትነጫነጭ እናት አለቻት፣ አንድ ጫማዋ ያፈስሳል፣ ማታ ማታ የማታውቃቸውን መርከበኞች ስም በቃሏ ትደግማለች። ጋሼ ያን ቀን እስከዚያ ድረስ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ተናገረ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ከጎኑ ሌሎች ታሪኮችን እንዳወጡ፣ ገሚሱ በድምፅ ብቻ፣ ገሚሱ በቀጫጭን መጻሕፍት እንደሆነ፣ እሱ ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ ዘንድ እየሄደ አዲስ በመጣ ቁጥር እንደሚያስጭን ነገረኝ።

«ፊልሙ ላይ ሰሃን ይዞ የሚያልፍ አስተናጋጅ አለ አይደል? ለአንድ አፍታ?»

«አዎ።»

«እሱም የራሱ መጽሐፍ አለው» አለና ፈገግ አለ። ሥራው ሰሃን ይዞ ማለፍ ብቻ ይመስለኝ የነበረ ሰው መጽሐፍ እንዳለው ሳስብ ደረቴ ሞቀኝ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ዳር የምናልፋቸውን ሰዎች ሁሉ፣ አህያ የሚነዳውን፣ ዣንጥላ የተሰበረባትን፣ ዞር ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ታሪኩ ውስጥ ወለላ አንዲት የምትታደን መርከብ በስውር ታስገባለች። «በሩ ክፍት ነው፤ ግባ። ማንም አላየህም።» በሳቅ ፈረስኩ። ጋሼ ለምን እንደሳቅኩ አልጠየቀኝም። ሳቄ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ነገሩ ይሄ ብቻ ከሆነ ለእታለም በአንድ ቃል አይነግራትም ነበር?

የአንኮበር ከተማዋ ጎረቤላ ደርሰን ዱቄቱ ተራገፈ፣ አጣናው ተጫነ። ስንመለስ ከከተማው መውጫ ከመንገዱ ሥር ያለች ቆርቆሮ ቤት ጋ ቆመ።

«ከመኪናው አትውረጂ።»

ከመቀመጫው ጀርባ ፌስታል አወጣ፤ ብርቱካንና ነጭ ፋሻ አየሁ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ቀጭን፣ መልከ መልካም፣ ፀጉሯ ያልተሸፈነ። «ይግቡ፣ በሩ ክፍት ነው» አለችው። ድምፅዋ ጎርናና ነበር!

የወለላን ፊት ማንም አላየውም። ስለዚህ ወለላ አንኮበር ነው የምትኖረው ብዬ ወሰንኩ። ቴሌቪዥን ላይ ለመሥራት እንዴት እንደምትመላለስ ብቻ ነበር ያልገባኝ። ሴትዮዋ ቀና ብላ መኪናው ውስጥ እኔን አየችኝ፤ ፈገግ አላለችም።

ጋሼ የተመለሰው አንዱ ታሪክ አልቆ ሌላው ሲጋመስ ነው። ጃኬቱ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይሸት ነበር።

እቤት ስንደርስ እታለም ማድ ቤት አስገባችኝ።

«እሺ፣ ሴትዮዋን አወቅሻት?»

«አዎ። ወለላ ናት።»

«ወለላ!» ደረቷን መታች። «ምን ትሠራለች?»

«ወደብ ላይ ናት።»

«ጅቡቲ? ጅቡቲ ድረስ!»

«ጅቡቲ አይደለም እታለም፤ ሰማይ ላይ ነው። መርከቦች ሲመጡ...»

«እንዲህ በይ ብሎ አስጠናሽ?»

«አላስጠናኝም! ድራማ ነው። በፍላሽ የሚሰማ።»

«ድራማ» አለች ቀስ ብላ፣ የተቃጠለ ድስት እንደምታሸት ሁሉ። አላመነችኝም። እኔም ስለ ቆርቆሮዋ ቤት ዝም አልኩ። ከነገርኳት ቅዳሜ የለም፤ ቅዳሜ ከሌለ ደግሞ ወለላ ማዕበሉን ትለፍ አትለፍ ሳላውቅ ልቀር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ቆርቆሮዋ ቤት እንደገባ በረዶ ወረደ። የመኪናው ጣሪያ ላይ ጠጠር የሚደፉበት ይመስል ነበር። ፈራሁ። ሴትዮዋ ጆንያ ደፍታ ሮጣ መጣችና በሩን ከፍታ «ነይ ውረጂ፣ ምን እዚህ ይጎልትሻል» አለችኝ። በቅርብ ሆኜ ስሰማት ድምፅዋ የወለላ አልነበረም። የጉንፋን ነበር።

ውስጥ እሳት ይነዳል። ከእሳቱ ጎን አልጋ ላይ አንድ ወጣት በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጋሼ ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ የልጁን እግሮች በዚያ ቅባት እያሸ ነው። እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ከቀረው አካሉ ጋር አይመሳሰሉም። እኔ የባዕድ ሴት ሽታ ሲባል የሰማሁት ለካ ይሄ ነው።

«መቅደስ አንቺ ነሽ?» አለ ወጣቱ። «ወለላ ማዕበሉ ጋ ደረሰች?»

«ደርሳለች፤ ግን ገና...»

«እኔ አንብቤዋለሁ።»

«እንዳትነግረኝ!»

ሳቀ። ስሙ ደረጀ ነው። የጋሼ ረዳት ነበር፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ና ና! ግራ ግራ!» የሚል። የሩቅ ወደብን ታሪኮች መኪናው ውስጥ ያስገባው እሱ ነው፤ ጋሼ በፊት ዜና እንጂ ሌላ አይሰማም ነበር አሉ። አልጋው ሥር ካርቶን ሙሉ መጻሕፍት አለው፤ አብዛኞቹ ልባሳቸው የተላጠ። የወለላን መጽሐፍ ገልጬ ጥቂት አነበብኩና ግራ ገባኝ። ድምፁ ላይ ለስላሳ የሆነችው ሴት መጽሐፉ ላይ ትቆጣለች፣ ትሳደባለች።

«መጽሐፉ ውሸታም ነው» አልኩት።

«ድምፁ ነው የሚዋሸው» አለኝ። «በድምፅ ሁሉም ሰው ደግ ይመስላል።»

በዚያ ተከራከርን። አስተናጋጁስ? የእሱ ድምፅ ገና አልተሠራለትም፤ ስለዚህ መጽሐፉን አዋሰኝና «አንተ ራስህ በልብሽ ድምፅ ስጪው» አለኝ፣ አንተና አንቺ እያምታታ፣ ሆን ብሎ።

«እግርህን ምን ሆነህ ነው?» አልኩት በመጨረሻ።

«አልዩ አምባ ቁልቁለት ላይ መኪናው ወደቀ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ማን ነበር የሚነዳው?»

የጋሼ እጅ ቆመ። ደረጀ ጣሪያውን እያየ «እኔ። ሳላስፈቅድ ቁልፉን ወስጄ» አለ። በክፍል ውስጥ በቃሉ ያጠናውን እንደሚወጣ ተማሪ ነበር ያለው።

ሴትዮዋ እህቱ ናት፤ ትርሲት ትባላለች። ጓዳ ጠርታ ቆሎ እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አጎትሽ ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው?»

«እ?»

«ወንድሜ የሰረቀውን መኪና ነው የገለበጠበት። የተሰረቀ ሰው የሌባን እግር በየሳምንቱ ያሻል? አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኳት። ቆሎውን ስቆረጥም ጥርሴ ውስጥ የሚሰማኝ ድምፅ ከወትሮው ጮኸብኝ።

በመመለሻችን ላይ ፍላሹን አላስከፈትኩትም። «ጋሼ፣ እታለም ታውቃለች?»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«እኔ ራሴ እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ።»

አልነገራትም። እኔ ግን አንድ ቀን ቁልፍ እየተከልኩ «እታለም፣ ሰው ሁሉ ይዋሻል እንዴ?» ብላት የስፌት መኪናዋን አቆመችና የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። ጋሼ ረዳት ነበረው፤ ደረጀ የሚባል። እዚህ ቤት ነበር የሚበላው፤ ሸሚዙን እሷ ነበር የምትሰፋለት። «ልጄ ያልኩት ልጅ ቁልፍ ሰርቆ መኪናውን አጋጨና አፍሮ አገሩ ገባ። ይቅርታ እንኳ አላለኝም። አንቺ ደግሞ ሰው እመኚ ትይኛለሽ።»

«እግሩስ?» ልል ነበር። ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደ እሷ ሆንኩ። ጋሼ ጫማውን ሲያወልቅ አየዋለሁ፤ ውሃ ሲጠጣ አየዋለሁ። የእርሱን ጃኬት ማንም ሳያየኝ አሸትታለሁ። ደረጀ ከዋሸ ለምን? ጋሼ ከዋሸ ማንን? ትርሲትስ የማታውቀው ምንድን ነው? የአስተናጋጁ መጽሐፍ ውስጥ አስተናጋጁ ከሾርባው ሽታ ብቻ ከዳተኛውን ይለያል። እኔ ግን የሚሸተኝ ቅባት ብቻ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሞተሩን ሲያሞቅ እታለም ንጹህ ነጠላዋን ለብሳ፣ ዣንጥላዋን ይዛ መጣችና የመኪናውን በር ከፈተች።

«ጠጋ በይ» አለችኝ። «ዛሬ እኔም የነገሥታቱን አገር አያለሁ።»

ጋሼ ማርሽ አስገባ። ሦስታችን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ወጣን። ጥቂት እንደሄድን እታለም መስኮቱን እያየች «ክፈታት እንጂ፣ ያችን ሴትዮህን» አለች። ጋሼ ፍላሹን ሰካው። ሙዚቃው፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ከዚያ ወለላ። እታለም አንገቷን ቀስራ ሰማች። ወለላ ከእናቷ ጋር ስለ ጫማ ስትጨቃጨቅ ሰማች። «በሩ ክፍት ነው፤ ግባ» የሚለው ሲመጣ ፊቷን ወደ ጋሼ አዞረች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ሌላ የለም?»

«ዘኑ፣ ድራማ እኮ ነው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቁ አላቆም ብሏት እንባዋን ጠረገች። «በቴፕ ሴት ነው ስንት ወር የተቃጠልኩት!» ከዚያ ደግሞ ታሪኩ ያዛት። «ቆይ፣ ለምን አስገባችው? ማን መሆኑን በምን አወቀች? ይሄ ሰውዬ እንደሚያታልላት እያየሁት ነው። እኔ ብሆን አልከፍትም!» ጋሼ መሪውን ይዞ ፈገግ ሲል አየሁት። ያቺን ሰዓት እስካሁን እወዳታለሁ። ሦስታችንም ወደ አንድ ነገር ጆሯችንን ሰጥተን፣ ውጭው ጉም፣ ውስጡ ሙቀት።

ጎረቤላ አራገፍን፣ ጫንን፣ ተመለስን። እታለም ስለ ሰውዬው ከዳተኝነት እየተከራከረችኝ ነው። ጋሼ ግን ፍጥነት ጨመረ። ቆርቆሮዋን ቤት በጎን አየኋት፤ ትርሲት በር ላይ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋለች። እጄ ውስጥ የምመልሰው የአስተናጋጁ መጽሐፍ ነበር።

«ጋሼ! አለፍነው እኮ!» አልኩ።

ወለላ ብቻዋን መናገሯን ቀጠለች። እታለም እጇን ዘርግታ አጠፋቻት።

«ምኑን ነው ያለፍነው?»

ጋሼ ጥቂት ነዳ። ከዚያ ቆመ። ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ቆየና ማርሹን ወደኋላ አስገባ።

እታለም ትርሲትን ከእግር እስከ ራሷ ለካቻት። «ቤቶች!» አለች፤ ድምፅዋ መቀስ ነበር። መልስ ሳትጠብቅ ገባች። እኛም ተከተልን። አልጋውን ስታይ ግን ዣንጥላዋ ከእጇ ወደቀ።

«ደረጀ?»

ደረጀ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ሳበ። «እትዬ» አለ። «ባይመጡም አልፈረድኩብዎትም።»

«እኔ ምን ብዬ እመጣለሁ? አንተ አይደለህ ሰርቀህ የጠፋኸው? እግርህ... ምን ሆኖ ነው?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው» አለች ትርሲት። «አያውቁም እንዴ?»

እታለም ወደ ጋሼ ዞረች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ከኮፍያው ውሃ ይንጠባጠባል። «ጭረት ነው አልከኝ። 'ጭረት ብቻ ነው፤ ልጁ አፍሮ አገሩ ገባ' ነው ያልከኝ።» እንደገና ወደ ደረጀ። «ቁልፉን ከየት ወሰድከው?»

«ከኪሱ።»

«ከምን ኪሱ?»

«ከጃኬቱ። ቡናማው። ተኝቶ ሳለ ከጎን ኪሱ...»

እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ቡናማው ጃኬት የጎን ኪስ የለውም» አለች። «ጨርቁ አንሶብኝ ክዳን ብቻ ነው የሰፋሁበት። ጣት አይገባውም።»

ደረጀ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተይው ዘኑ» አለ ጋሼ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ሲናገር ማንንም አላየም። ጭነት በጭነት ላይ ሆኖበት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። መንጃ ፈቃድ የሌለውን ልጅ «ትንሽ ልጋደም፤ አንተ ያዘው» አለው። ሲነቃ መኪናው በጎኑ ተጋድሟል፤ ደረጀ ከሥር ነው። ሰው እስኪመጣ ሜዳው ላይ ተኝተው ሳለ ነገሩን የጠነሰሰው ደረጀ ራሱ ነበር፤ «ሰርቆኝ ወሰደው ይበሉ። ሁለታችንም ሥራ ከምናጣ አንዳችን እንሥራ። እርስዎ እንዳይረሱኝ ብቻ።»

«እኔም እንዳለው አልኩ» አለ ጋሼ። «የመኪናው ባለቤትም 'ለሌባ ማሳከሚያ የለኝም' አለ።»

ትርሲት ጋሼን እንኳ አላየችውም። ወንድሟን ነው ያየችው። «ሁለት ዓመት ሌባ እያልኩ ሳበላህ ዝም አልከኝ?» አለችው። ወጥታ ዝናቡ ላይ ቆመች። እኔ የአስተናጋጁን መጽሐፍ ካርቶኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ስንመለስ ፍላሹን የነካው የለም። ከተማው ሊታይ ሲል እታለም መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«ሴት ብትሆን ኖሮ እንዴት እንደምጣላህ አውቅ ነበር።»

ሰኞ ጋሼ ወደ መኪናው ባለቤት ሄዶ እንዳለ ነገረው። ቁልፉን እዚያው አስቀምጦ በእግሩ መጣ። ባለቤቱ መጀመሪያ ሁለቱንም እከሳለሁ ብሎ ነበር፤ ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌዎቹ ሲያቅታቸው እታለም ራሷ ሄዳ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ምን እንዳለችው አልነገረችንም። ብቻ ደረጀን አዲስ አበባ ለማሳከም እሺ አለ።

ደረጀና ትርሲት ለጉዞው ደብረ ብርሃን ሲመጡ እኛ ቤት አደሩ። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ደረጀን በጀርባው ያዘለው ጋሼ ነው። ትርሲት ከጎናቸው የወንድሟን ጫማ ይዛ ትሄዳለች፤ እንጀራ ስትቆርስም ፊቷን ከጋሼ አዙራ ነበር። እታለም አልተቆጣቻትም። «ተያት፤ እኔ ብሆን ቤቱንም አልረግጥ» አለችኝ። ኋላ የመጣው ወሬ አንዱ እግር ይቆምበታል፣ ሌላው አይመለስም የሚል ነበር።

የመጻሕፍቱን ካርቶን ደረጀ ለእኔ ተወልኝ። እታለም ስትሰፋ ጮክ ብዬ አነብላት ጀመር፤ ትርፍ ክር የሚለቅም ጠፋ። አንድም ሰው ሳትጠረጥር አታሳልፍም። «ይሄ ሐኪም ሐኪም አይደለም» ትላለች፤ ሁለት ገጽ ሳንሄድ እውነት ይሆናል። ሲሳሳትባት ደግሞ ጸሐፊውን ትጠረጥራለች።

ጋሼ ወፍጮ ቤት ጆንያ ማውረድ ያዘ። ሲመሽ ዱቄት ለብሶ ይገባል። እታለም ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ «የት ዋልክ?» ትለዋለች። ያ «ደህና» ብቻ ይል የነበረ ሰው በሩ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ይነግራታል። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ የማን ጆንያ እንደተቀደደ፣ ምሳ የት እንደበላ። «ቆይ» ታስቆመዋለች፤ «ቅድም ሦስት ነን ብለህ ነበር፤ አራተኛው ከየት መጣ?» ያብራራል። ሳምንታት እንዲህ ምርመራ ነበር። እኔ መጽሐፌን ይዤ ጥግ ሆኜ ለማን እንደምፈራ አላውቅም ነበር።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ምሽት ጋሼ ስለ አንድ ገበሬ እየነገራት ነበር። ሰውዬው ገብሱን አስፈጭቶ ሲጨርስ አህያው ጠፍታበታለች፤ ሲፈልግ የሌላ ሰው አህያ ይዞ ይመጣል፤ የአህያዋ ባለቤት ደግሞ... ጋሼ እዚህ ላይ ሲደርስ እራት መቅረቡን አየና እጁን ሊታጠብ ዞረ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከቆመ ቆይቷል። መርፌው ኮሌታው ውስጥ እንደተሰካ ነው።

«ከዚያስ?» አለችው እታለም።

ጋሼ ዞሮ አያት። ምርመራ ይሁን ሌላ፣ ፊቷ ላይ ሊያነብ ሞከረ። ከዚያ ወንበር ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከዚያማ» አለ፤ «ባለ አህያው ዱላውን ይዞ መጣልሽ።»